አደይን የጠለፍኩ ቀን

ፀደይ ሌላው አገር የሚገባው በመስኩ በኩል ነው ይባላል። እኛ ፒያሳ መስክ ስለሌለን በጨርቅ ቤት በኩል ይገባል። ጳጉሜ ሲቃረብ ቢጫ ጨርቅ ከየሱቁ ያልቃል፤ ካፌው መስታወቱ ላይ አበባ ይሰቅላል፤ ፀጉር ቤቱ በሩ ላይ ያንጠለጥላል፤ የባንኮኒው ጠርዝ ሳይቀር ቢጫ በቢጫ ይሆናል። እናንተም ማኪያቷችሁን ፉት እያላችሁ «ውይ፣ ሲያምር!» ትላላችሁ። ማን ሰፋው ብላችሁ ግን ጠይቃችሁ አታውቁም። እኔም ጠይቄ አላውቅም ነበር። ዘንድሮ መልሱ እኔ ሆኜ ተገኘሁ።

እኔ እኮ መቀመጥ የሚባል ነገር አልተፈጠረልኝም። ትምህርት ቤት እንኳ የተጣላሁት ከትምህርቱ ጋር ሳይሆን ከወንበሩ ጋር ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ላይ በሰላም ተለያየን። ከዚያ ወዲህ እንጀራዬን የማገኘው ቆሜ ነው፤ የአራት ኪሎ ታክሲ ተራ አስከባሪ ነኝ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ታዲያ ተራውን ጥሎ ወደ ቸርችል ጎዳና ቁልቁል የሚወርድ ሚኒባስ ላስቆም ስሮጥ እርጥቡ አስፋልት አዳለጠኝና ቁርጭምጭሚቴ ዞረ። ወጌሻው አሽቶኝ ሲያበቃ «ሁለት ሳምንት እንዳትነቃነቅ» አለኝ። ሁለት ሳምንት! ዳኛ ቢሆን ኖሮ ማንም አይተርፈውም ነበር።

በሦስተኛው ቀን የግቢያችን ልብስ ሰፊ እትዬ ዘምዘም በረንዳቸው ላይ ሆነው ስቁነጠነጥ አዩኝ። የወሎ ሰው ናቸው፤ ሲቆጡ እንኳ ይጣፍጣሉ። ለአንድ ካፌ የአደይ አበባ ጌጥ ለመስፋት ትእዛዝ ተቀብለው ቢጫ ጨርቅ ተከምሮባቸዋል።

«የታመመው እግርህ ነው እጅህ?» አሉኝ።

«እግሬ ነው እትዬ።»

«በል እንካ መርፌ፣ የኔ ጌታ።»

ነገሩ ቀላል ነው። ጨርቁን በብርጭቆ አፍ ልክ ክብ አድርጋችሁ ትቆርጣላችሁ። ሁለቴ ታጥፉታላችሁ። ጠርዙን በክር ሸምቀቅ ሸምቀቅ አድርጋችሁ ስትስቡት ይኮማተርና አንድ የአበባ ቅጠል ይሆናል። ስምንቱን ሰብስባችሁ አንድ ላይ ትሰፉና መሃሉን በብርቱካንማ ክር ትጠልፋላችሁ። አለቀ። የመጀመሪያዋ አበባዬ መኪና የገጫት ትመስል ነበር። አሥረኛዋ ተሻላት። ሃያኛዋ ላይ ስደርስ እግሬን ረስቼው ነበር። ያ ክሩ ሲሳብ ጨርቁ እሺ ብሎ ሰብሰብ የሚልበት ነገር… ለሰው የሚነገር አይደለም።

በእርግጥም ለሰው የሚነገር አልነበረም። ፈተናዬ እሱ ነው። አራዳ የሚኖረው በስሙ ነው። «ቢኒ አበባ ይሰፋል» የሚል ወሬ ተራው ከደረሰ፣ ዕድሜ ልኬን «አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!» ባልኩ ቁጥር «መርፌህን ይዘሃል?» የሚለኝ አላጣም። ስለዚህ ጨርቄን ወደ ክፍሌ አስገብቼ፣ በሬን ቆልፌ መስፋት ያዝኩ። የሥራ ባልደረባዬ ሚኪ ሲደውል «ፊልም እያየሁ ነው» እለዋለሁ።

ክፍሌን ከጋሽ በርሄ ቤት የሚለየው አንድ ስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ነው። ጋሽ በርሄ ጡረታ የወጡ፣ በቀን አሥር ቃል የማያወጡ ሰው ናቸው። ዩኒቨርሲቲ የምትማር አንድ ልጅ አለቻቸው። ስሟን ያወጡላት በሁለት ቋንቋ አስበው ነው፤ በአማርኛ አበባ፣ በትግርኛ «እናቴ»። አደይ።

ገባችሁ አይደል? እኔ አልገባኝም ነበር።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ለካፌው መግቢያ የምትሆነውን፣ ትራስ የምታህለውን ትልቋን አበባ ጠልፌ ጨርሼ ጥጥ ልጠቀጥቅ ስል፣ እትዬ ዘምዘም ክር ሊገዙ ከወጡበት ደወሉ። እሳቸው ጋ ጫጫታ፣ እኔ ጋ ዝናብ። ጮህኩ።

«አደይን ጠልፌያታለሁ እትዬ! አዎ፣ ትልቋን! አልጋዬ ላይ ናት! … ኧረ ማንም አላየኝም፣ በሩን ቆልፌዋለሁ! አሁን ሆዷን ሞልቼ አፏን ልሰፋው ነው!»

የአማርኛ ቃል እንደ ፒያሳ አሮጌ ቤት ነው፤ በፊት በር ገብታችሁ በጓሮ ስትወጡ ሌላ ሰፈር ናችሁ። እኔ በጥልፍ በር ገብቼ ስጮህ፣ ጋሽ በርሄ በጠለፋ በር ሰሙኝ። ጠለፋ ደግሞ ለሴት ልጅ አባት ቀልድ አይደለም። ልጃቸው ጋ ቢደውሉ ስልኳ ዝግ ነው።

ጥጡን ግማሽ እንደጠቀጠቅኩ በሬ ተደበደበ። የጋሽ በርሄ ድምፅ ነው፤ ከኋላው ደግሞ የሚኪ። ለካ ሚኪና ሁለት የተራ ልጆች ከአትክልት ተራ ብርቱካን ገዝተው ሊጠይቁኝ ሲመጡ፣ ሽማግሌው ግቢው በር ላይ «ድረሱልኝ» ብለዋቸዋል። እኔ የሚኪን ድምፅ ስሰማ ምን አደረግኩ? አበባዋን በብርድ ልብስ ሸፈንኳት። ከዚያ በሩን ከፈትኩ።

ጋሽ በርሄ ዱላቸውን ይዘዋል። ዓይናቸው አልጋዬ ላይ ያበጠው ብርድ ልብስ ላይ ቀረ።

«ልጄን አምጣ!»

«የቷን ልጅ፣ ጋሼ?»

«በጆሮዬ ሰምቼሃለሁ! ጠለፍኳት ስትል፣ አፏን ልሰፋው ስትል!»

ሚኪ ብርቱካኑን አስቀመጠ። «ቢኒ፣ ብርድ ልብሱ ውስጥ ምንድን ነው ያለው?»

እስቲ በእኔ ቦታ ሁኑ። ዝም ካልኩ ጠላፊ ነኝ፤ ከተናገርኩ ጥልፍ ሠሪ። ሳልዋሻችሁ፣ ለአንድ አፍታ አስቤበታለሁ። ሽማግሌው ብርድ ልብሱን «አለሁልሽ ልጄ» ሲሉት ሳይ ግን ስሜ የፈለገበት ይግባ አልኩና ብርድ ልብሱን ገፈፍኩት።

ቢጫ። ሆዷ ግማሽ የሞላ፣ አፏ የተከፈተ፣ ጎኗ ላይ መርፌ የተሰካባት አበባ።

«አደይ ይቺ ናት» አልኩ። «እኔ ነኝ የሰፋኋት።»

ጋሽ በርሄ አልጋዬ ላይ ዘጭ አሉ። ያን ጊዜ እውነተኛዋ አደይ ጃንጥላዋን እያራገፈች ገባች፤ ስልኳ ባትሪ ጨርሶ ኖሯል። አባቷ «ኣደይ» አሉ፤ ስሟን ይጥሩ እናታቸውን፣ አልለየሁም። እሷ ወሬውን ከሰማች በኋላ አበባዋን ዞር ዞር አድርጋ አየቻት።

«እኔ ነኝ ይቺ? ትንሽ አልወፈርኩም?»

ሚኪም እስኪበቃው ስቆ «ጃል፣ ፊልሙ ይሄ ነው?» አለኝ።

ስሜ በዚያው ሄደ። ተራው ላይ አሁን የምጠራው «ጠላፊው» እየተባልኩ ነው። ነገሩን የማያውቁ ሴቶች ይህን ሲሰሙ የሚቀጥለውን ታክሲ ይጠብቃሉ፤ «የጥልፍ ነው እህቴ፣ የጥልፍ!» እያልኩ እከተላለሁ። መከተሌ ደግሞ ነገሩን አያሻሽለውም።

ጋሽ በርሄ በነጋታው መጡ። ይቅርታ ሊሉኝ እንደሆነ ከአቋቋማቸው ገብቶኛል፤ ቃሉ ግን እንቢ አላቸው። በመጨረሻ አዲስ ሱሪ ዘረጉልኝ።

«ለዓውዳመት ነው። ረዝሞኛል። አሳጥርልኝ።»

ከአበባ በቀር የማውቀው ስፌት የለም። ግን ይሄ ለእሳቸው እንዴት ይነገራል? ተቀበልኩ። እትዬ ዘምዘም «አምጣ እኔ ልሥራው» ቢሉኝም እንቢ አልኩ፤ የታመንኩት እኔ ነኛ።

የእንቁጣጣሽ ጠዋት ጋሽ በርሄ ሱሪውን ለብሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ አየኋቸው። የግራው እግር ከቀኙ ሁለት ጣት ያጥራል። ቆም ብለው ወደ ታች አዩ። ከዚያ እኔን አዩ።

«ልክ ነው» አሉኝ።

ባላጠፋሁት ጊዜ ግቢውን በጩኸት ያናወጡት ሰውዬ፣ ያጠፋሁትን ለብሰውት ቀና ብለው ወጡ።