ክቡር ሟች መኖር ሲለማመዱ

መሞት የሚወድ ተዋናይ የሌለበት ቲያትር ቤት እስከ ዛሬ አልተሠራም። በሌላው ሙያ ሰው የሚመዘነው በአቋቋሙ ነው፤ እነዚህ የሚመዘኑት በአወዳደቃቸው ነው። የእኛውን ታዳሚው «ክቡር ሟች» ይላቸዋል። እህቴን ያገቡ በመሆናቸው ፊት ለፊት አንተ እንባባላለን፤ እዚህ በአንቱታ የምጽፈው ለሙያቸው ክብር ስል ነው።

ክቡር ሟች በሰይፍ፣ በመርዝ፣ በሐዘንና በጉንፋን ሞተዋል። ደራሲው «ይወድቃል» ብሎ ያለፈውን እርሳቸው ያብራሩታል። ደረታቸውን ይይዛሉ፤ ወንበር ይፈልጋሉ፤ ወንበሩን ያገኙና ይተዉታል፤ ጠላታቸውን ይቅር ይላሉ፤ ከወደቁም በኋላ የረሱት ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ቀና ብለው ጥቂት ይጨምራሉ። አንድ ጊዜ ገዳያቸው የሆነው ተዋናይ ጎራዴ እንደያዘ እጁ ቢዝልበት፣ ኧረ ጋሼ ይብቃዎት ሲል በሹክሹክታ ለምኗቸዋል።

ሰው ሲሞት መብራት ያለበትን ቦታ እንደማይመርጥ ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ። መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «አማቼ፣ አንተ ስትሞት የሚለቀስልህን አትሰማም። እኔ ግን ተጋድሜ ሁሉንም እሰማለሁ። ማን እንደተናፈጠ ሳይቀር ለይቼ አውቃለሁ።» ሞት ሲደጋገም ይለመዳል፤ የማይለመደው ከሞቱ በኋላ ተነሥቶ ልብስ መቀየር ነው ይላሉ።

ዘንድሮ ሐኪማቸው ልባቸውን መርምረው መድረክ ላይ መውደቅን በጥብቅ ከለከሏቸው። በዕድሜ ልጃቸው የምትሆነው አዘጋጅ ልታሰናብታቸው አልጨከነችም፤ እስከ ፍጻሜው በሕይወት የሚቆይ አያት ሆነው እንዲጫወቱ መደበቻቸው። አንድ ጊዜ ከወደቁ ግን ከመድረክ መሰናበታቸው መሆኑን አስረግጣ ነገረቻቸው። እህቴ በደስታ አለቀሰች። እርሳቸው መርዶ እንደሰማ ሰው ኩርምት ብለው ተቀመጡ።

«ለመሞት አንድ ምክንያት ይበቃል» አሉኝ ከልምምድ ሲመለሱ። «ስኖር ግን እጄን የት ላድርገው?»

ኪስህ ውስጥ አልኳቸው። ሞከሩት፤ እጃቸው ከኪሳቸው ሾልካ ወደ ደረታቸው ስታዘግም በዓይኔ አየሁ። ከዚያ በኋላ ሥልጠናውን እህቴ ተረከበች። እርሷ ዕቃ ስታጥብ ክቡር ሟች የማድ ቤቱ በር ላይ ቆመው ይኖራሉ፤ ጉልበታቸው መታጠፍ ሲጀምር በጭልፋ ታስፈራራቸዋለች።

በመክፈቻው ዕለት ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ትርኢት መሀል የሚያወራ ሰው አልወድም፤ የሚያስለውን እንኳ ዞሬ በዓይኔ እገሥጻለሁ። ክቡር ሟች እስከ መጨረሻው ትዕይንት መኖር አማረባቸው። ከዚያ የልጅ ልጆቹ ከበቧቸው፤ ዋሽንቱ ቀስ ብሎ ገባ፤ መብራቱ እርሳቸው ላይ ብቻ ቀረ። ለመሞት እንዲህ የተመቸ ሰዓት በዘመናቸው አግኝተው አያውቁም። እጃቸው ወደ ደረታቸው ሄደች። ጉልበታቸው ተብረከረከ። ልማዳቸው ይሁን ልባቸው፣ ከተቀመጥኩበት ሆኜ መለየት አልቻልኩም።

«ኑር! አንተ ሰውዬ፣ ኑር!»

የጮህኩት እኔ ነበርኩ፤ ለካ ቆሜያለሁ።

አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ክቡር ሟች ደረታቸው ላይ የነበረችውን እጅ ወደ ኮት ኪሳቸው አሻግረው መሐረብ አወጡ፤ ግንባራቸውን ጠረጉ፤ ቀጥ ብለው ቆሙና ወደ እኔ እያዩ፣ «እሺ አማቼ፤ አንተ ካልክ እኖራለሁ» አሉ። ሳቁና ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ።

አዘጋጇ ጩኸቴን ከድርሰቱ ጋር አዋሐደችው። ከዚያ ወዲህ ትርኢቱ በታየ ቁጥር እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ እጮሃለሁ። ይህን ሥራ ለዕድሜዬም ለትምህርቴም የማይመጥን ቀልድ አድርገው የሚያዩ ወዳጆች አሉኝ፤ አንድም ቀን ግን ቀርቼ አላውቅም። ባለፈው እሑድ ብቻ ጥቂት ቸኮልኩ፤ መጋረጃው እንደተዘጋ ክቡር ሟች መጥተው ወቀሱኝ።

«ገና እጄን እንኳ አላነሣሁም እኮ።»

«አውቃለሁ» አልኳቸው። «ቀድሜ ብዬው ልረፍ ብዬ ነው።»