ቡፌ ውስጥ የተቆለፈው ዝሆን

ሽልማት ያገኘ የልጆች መጽሐፍ የት እንደሚቀመጥ ያውቃሉ? ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ነዋ!

በደርግ ጊዜ የቀጨኔ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ፣ ሽፋኑ ላይ የወርቅ ሜዳሊያ የታተመበት ባለሥዕል መጽሐፍ ነበራቸው። ከብርጭቆዎቹ ጋር ቡፌ ውስጥ ቆልፈውበታል። እኛ የሰፈሩ ልጆች በመስታወቱ የምናየው ሽፋኑ ላይ ብስክሌት የሚነዳውን ዝሆን ብቻ ነው። ታሪኩን ራሳችን ፈጠርንለት፤ ዝሆኑ በእንጦጦ ቁልቁለት ፍሬን በጥሶ ሽሮ ሜዳ ገበያ ውስጥ ይገባል፣ ጋቢ ተከናንቦ ይወጣል!

አንድ ቀን እንግዳ መጥቶ "እስቲ ያንብቡልን" አላቸው። ቁልፉ ከመቀነታቸው ተፈታ! ተሯሩጠን ከበብናቸው። እሳቸው ሲያነቡት ግን ዝሆኑ ጥርሱን ታጥቦ ተኛ። በቃ!

"ጋቢውስ?" ብላ ልጃቸው እሪ አለች።

እትዬ አስካለ መጽሐፉን ከነሜዳሊያው መልሰው ቆለፉበት።

"አያችሁ? እኔ ምን አልኩ? የልጆች መጽሐፍ ልጆች ፊት አይከፈትም!"