የማርዲስ ውሻ በቀይ መብራት

[ዱሉት፣ የሐይቅ ዳር የወደብ ከተማ፤ የኦርሊን ምድር ቤት፣ መታጠቢያ ክፍል። ቀይ አምፖል በርቷል፤ ገንዳው ላይ በተጋደመ ሳንቃ የፎቶ ማጠቢያ ሳህኖች ተደርድረዋል። ኦርሊንና ጌይለን አብረው ከወደብ ሥራ ጡረታ የወጡ ጓደኛሞች ናቸው። ኦርሊን የማያውቀው ነገር ቢኖር አለማወቁን ብቻ ነው። ጌይለን የሽንት ቤቱ ክዳን ላይ ተቀምጦ የውሻ ምስል የታተመበት ስስ ፕላስቲክ ወደ አምፖሉ ከፍ አድርጎ ያያል።]

ጌይለን፦ አይደለም አልኩህ። ይሄ የማርዲስ ውሻ አይደለም።

ኦርሊን፦ ነጭ ሆኖብህ ነው። በረዶውስ ጥቁር አይደል እንዴ? መቼ ነው እዚህ አገር ጥቁር በረዶ የወረደው?

ጌይለን፦ መኪና ከሄደበት በኋላ።

ኦርሊን፦ ስማኝ አንተ ሰው። በስልኬ ያነሳሁትን ፎቶ ኮምፒውተር ላይ ገለበጥኩት፤ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆነ። ፕላስቲክ ላይ አተምኩት። አሁን ፎቶ ወረቀቱ ላይ አስተኝቼ መብራት አሳየዋለሁ፤ በመድኃኒት ሳጥበው ሁሉም ተመልሶ ይገለበጣል።

ጌይለን፦ የሚመለስ ከሆነ መጀመሪያ ለምን ገለበጥከው?

[ኦርሊን ፕላስቲኩን ከእጁ ነጥቆ ፎቶ ወረቀቱ ላይ አስተኛው።]

ኦርሊን፦ ጥበብ ነዋ።

ጌይለን፦ በስልክ ብትልክላትስ?

ኦርሊን፦ በስልክማ ማንም ይልካል። ማርዲስ የድሮ ፎቶ ነው የምትወደው። ይሄን ይዤ በሯን አንኳኳና እሁድ ለቤተ ክርስቲያኑ የዓሣ እራት አብረን እንሂድ እላታለሁ። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ይቺን ቃል አፌ ውስጥ ይዤ ነው የምዞረው። ዛሬ ካልተነፈስኳት መቼም አልተነፍሳትም።

ጌይለን፦ ማርዲስን?

ኦርሊን፦ ማርዲስን። አሁን አታዘናጋኝ። ነጩን መብራት አብራና ቶሎ አጥፋ።

[ብልጭ፣ ድርግም። ኦርሊን ወረቀቱን ሳህኑ ውስጥ ነከረው።]

ጌይለን፦ ጆሮውም አይመስልም። የሷ ውሻ ጆሮው ተንጠልጥሏል፤ የዚህ ቆሟል።

ኦርሊን፦ ሲታጠብ ይወድቃል።

[ምስሉ ቀስ እያለ ወጣ፤ ነጭ በረዶ፣ ጥቁር ውሻ። ጆሮው አልወደቀም። ኦርሊን ግን ጆሮ የሚያይበት ልብ አልነበረውም፤ ደስታው እንባ እንባ አሰኘው።]

ኦርሊን፦ ይኸው። ከሰል የመሰለ ጥቁር ውሻ። አሁንስ ምን ትላለህ?

ጌይለን፦ የማርዲስ ውሻ ነጭ ነው። ፕላስቲኩ ላይ እንኳ ትንሽ እሱን ይመስል ነበር።

ኦርሊን፦ ሰውዬ፣ ጠዋት ጠዋት ይሄንኑ ውሻ ይዛ በሐይቁ ዳር ስታልፍ ከመስኮቴ አያታለሁ።

ጌይለን፦ [ሳህኑ ላይ አጎንብሶ] ቆይ ቆይ። ይሄማ የኔ ሩፈስ ነው። ነጭ አድርገኸው ነው ያልለየሁት።

ኦርሊን፦ ያንተን ውሻ እሷ ምን ትሠራበታለች?

ጌይለን፦ አብረን ነው የምናናፍሳቸው። እሷ የኔን ትይዛለች፣ እኔ የሷን። እንደዚያ ሲሆን አይነካከሱም።

[ኦርሊን የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።]

ኦርሊን፦ ከጎኗ አንድ ወፍራም ሰውዬ ሐይቁን ጋርዶብኝ ነበር። ኮምፒውተር ላይ ቆርጬ ጣልኩት።

ጌይለን፦ ኮቱ ነው የሚያወፍረኝ።

ኦርሊን፦ እሁድስ? እራቱ?

ጌይለን፦ እኔና ማርዲስ አብረን ነን። ውሾቹን የሚጠብቅልን ሰው አጥተን ነበር እንጂ። አንተ ደግሞ ሩፈስን እንዲህ አሳምረህ ካነሳኸው፣ ትወደዋለህ ማለት ነው።