ለስግደት የሚመች ሽጉጥ

በእኛ አገር መሣሪያ የሚያዘው እንዲታይ ነው። ጠመንጃ ያለው ሰው ለገበያ ሲወጣም፣ ለሠርግ ሲጠራም፣ እርሻ ሲውልም ከትከሻው አያወርደውም፤ ሰላምታ ሲለዋወጥ ደግሞ ሰደፉ እንዲታይለት ትንሽ ዞር ይላል። ከሁለቱ ቀድሞ የሚከበረው ሰውዬው ነው ወይስ ጠመንጃው እያልኩ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ጠመንጃው ይመስለኛል። የሚደበቅ መሣሪያ ግን ሌላ ነገር ነው። ገንዘብ አውጥቶ መግዛት፣ መወልወል፣ መታጠቅ፣ ከዚያ ማንም እንዳያየው ሲጠነቀቁ መዋል። እንዲህ ተደብቆ የሚያዝ ዕቃ እኔ የማውቀው ክታብ ብቻ ነበር። ይህን ማለቴን የንስሐ አባቴ ቢሰሙ ይቆጡኛል፤ እናንተም አትንገሩብኝ።

ስለ ሽጉጥ አመራረጥ ልጽፍ መነሣቴ ሳያስገርማችሁ አይቀርም። ባልቴት ነኝ፤ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከእጄ የማይለዩትም መቁጠሪያዬና የበግ ጠጉር የምፈትልበት እንዝርት ናቸው። ቢሆንም ከዘመሮ እስከ ራቤል ሽጉጥ በመምረጥ የሚስተካከለኝ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሦስት ሽጉጥ በየተራ ታጥቄ፣ በየተራ አብሬያቸው ሰግጄ ነው የመረጥኩት። እስቲ ወንዶቹን ጠይቋቸው፤ ሽጉጡን ታጥቆ አርባ ስግደት የሰገደ ማን ነው?

ነገሩ የጀመረው በገመድ ነው። መሬት እንደገና በተደለደለ ጊዜ ልጄ ታደለ ጽሕፈቱም ጠባዩም ጥሩ ነው ተብሎ ገመድ እንዲይዝ ተመረጠ። የሚወስነው ኮሚቴው ነው፤ የታደለ ሥራ የገመዱን ጫፍ ይዞ መቆም ብቻ ነበር። ነገር ግን መሬት የተቆረሰበት ሰው ኮሚቴውን አያይም፤ ኮሚቴ መልክ የለውም። የሚያየው ገመዱን የያዘውን ነው። ጎረቤታችን ጋሽ ደምሴም ያዩት የኔን ልጅ ነው። ጋሽ ደምሴ ከሟቹ ባሌ ጋር ማኅበር የጠጡ፣ ታደለ ክርስትና ሲነሣ የድግሱን በግ በገዛ እጃቸው ያረዱ ሰው ናቸው። የገብስ ማሳቸው የታችኛው ቁራሽ ለሌላ ሲሰጥ ትንፍሽ አላሉም። ከወር በኋላ ግን ለቅሶ ቤት፣ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት፣ ቀስ ብለው፣ «ያን ገመድ አንድ ቀን አንገቱ ላይ አየዋለሁ» አሉ።

ጮኸው ቢሆን ኖሮ ባልፈራሁ። ቀስ ብሎ የሚዝት ሰው ግን ቃሉን መዝኖ ነው የሚያወጣው።

ታደለ ይህን ሲሰማ ከወረዳው ፈቃድ አውጥቶ መጣና ሽጉጥ እገዛለሁ አለ። ለምን ጠመንጃ አይሆንም ስለው፣ ጠመንጃ ካነገትኩ ፈራ ይሉኛል፣ ባዶ እጄን ከሄድኩ ደግሞ ይገድሉኛል፣ ስለዚህ የማይታይ ነገር ነው የሚያስፈልገኝ አለኝ። አስቦበታል። ሰው እንዲህ አስቦ ሲናገር እናት ምን ታደርጋለች?

ወንድም ነበረኝ። በአንዲት የድንበር ድንጋይ ተጣልቶ፣ ጠመንጃው በዚያች ሰዓት እጁ ላይ ስለነበረ ብቻ፣ ሰው ገደለ። ጠመንጃው ቤት ተሰቅሎ ቢሆን ኖሮ፣ ሊያመጣው ሲሄድ ንዴቱ መንገድ ላይ በበረደለት። ከዚያ ወዲያ መርሐቤቴ ቆላ ወርዶ ተሸሸገ፤ እዚያው በወባ ሞተ፤ እናታችን መቃብሩን ሳታይ ተከተለችው። ስለዚህ ለታደለ የፈራሁለት ሁለት ፍርሃት ነው፤ እንዳይሞትም፣ እንዳይገድልም። አንደኛውን ብቻ የሚያውቁ እናቶች ዕድለኞች ናቸው።

አትግዛ ብለውም እንደሚገዛ አውቃለሁ። ስለዚህ ቁርጤን ነገርኩት።

«ግዛ። የምመርጠው ግን እኔ ነኝ።»

«እማዬ፣ አንቺ ስለ ሽጉጥ ምን ታውቂያለሽ?»

«ስለ አንተ አውቃለሁ» አልኩት።

በገበያ ቀን ዘመሮ ወጣን። ሻጩ በጡረታ የተገለሉ ወታደር ናቸው፤ ሰው ሁሉ መቶ አለቃ ነው የሚላቸው። የኛ ሰው መሣሪያ ሲሻ እሳቸው ቤት ይሄዳል። የበግ ጠጉር ባና መደቡ ላይ አንጥፈው ሦስት ሽጉጥ ደረደሩልን። አንደኛው አፈ ረዥም ነው፤ ሁለተኛው ሆዱ ክብ ሆኖ የሚሽከረከር፤ ሦስተኛው ደግሞ መዳፍ ውስጥ የሚገባ፣ ከቁልፍ ብዙም የማይበልጥ። ታደለ ወዲያው ረዥሙን አነሣና ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘረጋው። ፊቱ ላይ ያየሁትን አልወደድኩትም። አባቱ አዲስ በሬ ሲገዛ እንዲህ ነበር የሚሆነው። መቶ አለቃ ትልቁ ለማስፈራራት፣ ትንሹ ለመደበቅ ነው እያሉ ያስረዱታል፤ እኔ ደግሞ ሚዛኑን፣ ዘይቱ ልብስ ይነካ እንደሆነ፣ ተቀምጠው ሲነሡ ይወጋ እንደሆነ እጠይቃለሁ። በሽጉጥ ስለመተኮስ እንጂ ከሽጉጥ ጋር ስለመኖር ማንም ጠይቋቸው አያውቅም።

«እንግዲያው ሦስቱንም በየተራ ወስደን እንሞክራቸዋለን» አልኩ።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ድስት አይደለም።»

«ድስትም ቢሆን ሳልሞክር አልገዛም።»

ቤተሰባችንን ስለሚያውቁ፣ ፈቃዱም እጃችን ላይ ስለሆነ፣ ጥይቱ እሳቸው ዘንድ እንዲቆይ አድርገው እሺ አሉ። ታደለ እስከ ቤታችን ድረስ ቀድሞኝ ገሰገሰ።

ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። ታጥቄ ቤተ ክርስቲያን ልግባ ወይ ብዬ የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው። አባ ከነነገሩ ከሰሙኝ በኋላ መሣሪያ ቅጥር እንደማይገባ፣ ደጃፍ ላይ ለዘበኛው እንደሚሰጥ ነገሩኝ። ለዘበኛው ከሰጠሁት መደበቁ ምኑ ላይ ነው አልኳቸው። ጺማቸውን ደባበሱና፣ «ቤትሽ ስገጂ» አሉኝ።

መጀመሪያ ረዥሙን በመቀነቴ ታጠቅሁት። ቆሞ ለሚውል ሰው አይከፋም። ስሰግድ ግን አፉ ጎድኔ ሥር እየገባ ልቤ እስኪጠፋ ይወጋኛል። ከውስጥ፣ ከጥልቅ የሚወጣ ማቃሰት አቃስታለሁ። ጎረቤቴ ብዙነሽ በደጄ ስታልፍ ይህን ሰምታ፣ እንዲህ ያለ ንስሐ በዚህ ዘመን አይገኝም ብላ ለአገሩ አወራች። በሁለተኛው ሳምንት ሆደ ክቡን ታጠቅሁት። እሱ አይወጋም፤ ነገር ግን በመቀነቴ ሥር ወደ ፊት ይገፋል። ብዙነሽ ውሃ ስንቀዳ ሆዴን አየች። ባል ከሞተባት ዘጠኝ ዓመት የሞላት ሴት ባለፈው ሳምንት ያን ያህል ያቃሰተችበት ምክንያት ተገለጠላት። ይህንንም ለአገሩ አወራች።

ሦስተኛውን፣ ትንሹን፣ ሳስር መታጠቄንም ረሳሁት። አይወጋም፣ አይገፋም። የኛ አገር ብርድ እንደምታውቁት ነው፤ ከላይ ጋቢ፣ ከሥር ሹራብ፣ ከሥር ቀሚስ፣ ከዚያ መቀነት። ትንሹ ሽጉጥ በዚያ ሁሉ መሃል ጠፋ። አሁን ጠላት ቢመጣብኝስ ብዬ ታደለ እያየ ላወጣው ሞከርኩ። ሰዓት ስለሌለኝ የለካሁት በጸሎት ነው። አባታችን ሆይን ጨርሼ፣ እመቤቴ ማርያም ሆይን ጀምሬ ነው እጄ የገባው። ታደለ ከለቅሶ ቤቱ ቃል ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

«ይሄንን ነው የመረጥኩት» አልኩ። ሳቁ ቆመ።

ብዙ ተከራከረኝ። ይህ ለመደበቅ እንጂ ለማውጣት አይሆንም አለ። እኮ የሚደበቅ አይደል የፈለግኸው አልኩት። ጥይቱን ከመቶ አለቃ ተቀብሎ ሽጉጡን ወረዳ ሄዶ በስሙ አስመዘገበ፤ ማኅደሩን ግን እኔ ሰፋሁለት፤ ከደህና የበግ ጠጉር፣ ጠለቅ አድርጌ፣ አፉ ላይ ሦስት ማሰሪያ አበጅቼ። ሦስቱንም በየቀኑ የማስረው እኔ ነኝ። ከሥር ቋጠሮ፣ ከላይ ቋጠሮ። እጅህ እዚያ ከመድረሱ በፊት አባታችን ሆይን ትጨርሳለህ፤ ከጨረስክ በኋላም መተኮስ ካሰኘህ ያን ጊዜ እኔ አልጠየቅም አልኩት።

ከሆሳዕና ጥቂት ቀን በፊት ጓሳ ተከፈተ። ጓሳ የሁላችንም ነው፤ ተዘግቶ ይከርምና ሽማግሎቹ ሲፈቅዱ ለቤት ክዳን የሚሆነውን ሣር ሁሉም በአንድ ቀን ማጨድ ይጀምራል። ያን ቀን ያልተገኘ ሰው ክረምቱን ጣሪያው ሲያፈስበት ይከርማል። ስለዚህ የታረቀም የተጣላም እዚያው ይገናኛል። እኛም ሄድን፤ ጋሽ ደምሴም መጡ።

አባ ማጨዱ ከመጀመሩ በፊት ሊባርኩ መስቀላቸውን አወጡ። መስቀል ሲወጣ ጋቢ ከትከሻ ይወርዳል፤ ይህን ለኛ ሰው ማስተማር አያስፈልግም። ሁሉም አወረደ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት፣ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው የቀሩ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ልጄና ጋሽ ደምሴ። ላባቸው በጆሮ ግንዳቸው ይወርዳል። ያን ያህል ሳምንት ስደብቀው የቆየሁት ሽጉጥ በነጋሪት የተነገረ ያህል ሆነ። ለካ የኛ አገር ሰው መሣሪያ የደበቀን ሰው የሚያውቀው ባለጌ ሲሆን ነው።

«የእገሌ ልጅ ለመስቀል ጋቢ አያወርድም እንዴ?» አሉ ጋሽ ደምሴ፤ የሟቹን ባሌን ስም ጠርተው። «አውርደውና ያቀፍከውን እንየው።»

«ታላቅ ይቀድማል፤ አንቱ ያውርዱ» አለ ታደለ።

ሰዉ ከመካከላቸው ሸሸ። ጋሽ ደምሴ እጃቸውን ወደ ጋቢያቸው ውስጥ ሰደዱ። ታደለም ሰደደ። እኔ አሥር እርምጃ ርቄ ነው የቆምኩት፤ ማጭድ በእጄ አለ። ሦስቱን ቋጠሮ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ልጄን እጅ ከወርች አስሬ ለጠላቱ አቀረብኩት ማለት ነው። ወንድሜ እንዳይደገም ብዬ ልጄን ላስገድል ነው። ያን ጊዜ የመጣልኝ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ የለካሁበትን ጸሎት ጮክ ብዬ ጀመርኩ።

«አባታችን ሆይ በሰማያት የምትኖር...»

ይህ ጸሎት ሲጀመር ዝም ብሎ የሚቆም ክርስቲያን የለም። አባ ተቀበሉኝ፤ ሕዝቡ ተከተለ። የታደለ ክንድ በጋቢው ሥር ሲታገል አያለሁ፤ የዕለት እንጀራችን ላይ ስንደርስ ገና አንደኛው ቋጠሮ ላይ ነው። የጋሽ ደምሴም ክንድ ሲወዛወዝ አያለሁ፤ ጎንበስ ብለው ይስባሉ፣ አንድ ነገር ይዟቸዋል። «በደላችንን ይቅር በለን፣ እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» ስንል ጋሽ ደምሴ ከውስጥ፣ ከጥልቅ የሚወጣ ማቃሰት አቃሰቱ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ በጉልበታቸው ወደቁ።

አባ መስቀላቸውን ይዘው ሄዱና ራሳቸው ላይ አሳረፉት።

«ልብህን ነካው፣ ደምሴ» አሉ። «እንዲህ ያለ ንስሐ በዚህ ዘመን አይገኝም።»

ሴቶቹ እልል አሉ። ብዙነሽ አለቀሰች። እኔ ግን ያን ማቃሰት አውቀዋለሁ። አንድ ሳምንት ሙሉ የራሴ ነበር። መቶ አለቃ እኔ የመለስኩትን አፈ ረዥም ለማን እንደሸጡት በዚያች ቅጽበት ገባኝ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ጋሽ ደምሴ ስድሳ ዓመት ሙሉ በአንድ ሰንበት እንኳ እንዲህ ተመስግነው የማያውቁ ሰው ናቸው። ሕዝብ እልል ሲላቸው፣ ካህን መስቀል ሲያሳርፍባቸው፣ የለም፣ የወጋኝ ሽጉጥ ነው ይበሉ? ቀና ብለው ዙሪያውን አዩ፤ ታደለን አዩ፤ ታደለ እጁ አሁንም ሁለተኛው ቋጠሮ ላይ ነበር። ከዚያ ቀስ ብለው፣ እንደ ለቅሶ ቤቱ ቀን መዝነው፣ «ይቅር ብዬዋለሁ» አሉ። ታደለ ሄዶ ጉልበታቸውን ሳመ። ሁለቱም ጋቢያቸውን አወረዱ፤ ሕዝቡም እንዳላየ ሆነ። ሽማግሎች በሁለተኛው ሳምንት ተቀምጠው ዕርቁን አጸኑት፤ የታችኛው ቁራሽ አልተመለሰም፤ ጋሽ ደምሴም በየዓመቱ ገብስ ሲታጨድ እዚያ ድንበር ላይ ቆመው ያጉረመርማሉ። ማጉረምረም ግን ሰው አይገድልም።

ያን ቀን በጓሳ የሆነውን አሁን በየማኅበሩ የሚያወሩት ራሳቸው ናቸው። በመጀመሪያው ዓመት ልባቸው ተነክቶ ነበር፤ በሁለተኛው ዓመት ድምፅ ሰምተዋል፤ ዘንድሮ ብርሃን ወርዶላቸዋል። አምነውታል። በጾምም እንደ ድሮው አያጓድሉም። እኔም ምንም አልልም፤ ፈጣሪ ሰውን የት ቦታ ላይ እንደሚነካ የምወስነው እኔ አይደለሁም፤ ጎድንም ይሁን። አንድ ቀን ብቻ፣ ከቅዳሴ ስንመለስ፣ የሽጉጡን ነገር ከመቶ አለቃ ሰምተው ኖሮ፣ ሰው ራቅ እስኪል ጠብቀው፣ «እንዲያው አንቺ ስትሰግጂ በግራ ነው በቀኝ ትታጠቂው የነበረው?» ብለው ጠየቁኝ። አላሳፈርኳቸውም። በግራ ትንሽ ይሻላል፣ ከሁሉም የሚሻለው ግን ቤት መተው ነው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ታደለ አሁን አግብቷል። ሽጉጡ እስከ ዛሬ እኔው በሰፋሁት ማኅደር ውስጥ ነው፤ አንዷን ቋጠሮ እንኳ ላላ አድርጊልኝ እያለ ይለምነኛል። ከጾሙ በኋላ እለዋለሁ። የትኛው ጾም እንደሆነ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም።