ማገጥ ሜዳ ላይ የተለቀሰልኝ ቀን

አገራችን ትልቅ ነገር ትወዳለች። እንግዳ ይዛችሁ መንዝ ብትወጡ የምታሳዩት ገደሉን ነው፤ ጓሳ አፋፍ ላይ ታቆሙትና «ያ ማዶ የሚታየው…» እያላችሁ እጃችሁን ትዘረጋላችሁ። «ና እስቲ፣ ጎንበስ በልና ይቺን ሣር እያት» የሚል አስጎብኚ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔንም አልገጠመኝም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባል የለ? ሣሩ ሥር እኮ ሌላ ከተማ አለ! ከጤፍ ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ አበባ ውስጥ ገብታ፣ ወገቧን በቢጫ ዱቄት አልብሳ የምትወጣ ፍጥረት አለች።

ደብረ ብርሃን ውስጥ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት አለችኝ። አዘቦቱን ጉርድ ፎቶ ሳነሳ እውላለሁ። ቅዳሜ ሲመጣ ግን ያቺን ከቅርብ የምታነሳ ሌንሴን አንግቼ ወደ መንዝ ነው፤ አበባና ጥንዚዛ ፍለጋ። ጉልበቴ አፈር፣ ጃኬቴ ጭቃ ሆኖ ስመለስ ባለቤቴ «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» ብላ በሩን ትከፍትልኛለች።

የዚህ ሥራ ጣጣው በደረት መተኛቱ ነው። ቆሞ ጥንዚዛ ማንሳት አይሆንም፤ እሷ ካለችበት መውረድ ነው። ትንፋሽንም መዋጥ ያስፈልጋል፤ ለእኛ እፍ የምትባለዋ ለእሷ አውሎ ነፋስ ናት። እንግዲህ ፍረዱ፦ ሜዳ ላይ በደረቱ የተዘረጋ፣ የማይንቀሳቀስ፣ የማይተነፍስ ሰው በአገራችን ምን ይባላል?

ጥቅምት ላይ ነው። ከሞላሌ ወጣ ብሎ፣ ገበያተኛ የሚመላለስበት የእግር መንገድ ዳር፣ ማገጥ የሚሉት የሜዳ ሣር አብቦ ሜዳውን ሐምራዊ አድርጎታል። አንዲት ቀይ ጥንዚዛ አበባው ጫፍ ላይ ወጥታ ለመብረር ትሰናዳለች። ጥቂት ጊዜ አነሳኋት። የምፈልገው ግን ክንፏ የሚከፈትባትን ቅጽበት ነበርና ካሜራዬን ደግኜ ትንፋሼን ያዝኩ።

ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ኮቴው ቆመ።

«ኧረ የሰው ያለህ! ኧረ ሰው ሞቶ!» የአንዲት ሴትዮ ድምፅ ነው።

ዞሬ «አለሁ» ማለት ነበረብኝ። ግን ጥንዚዛዋ አንድ ክንፏን ከፍታለች። ሁለተኛውን እስክትከፍት ብቻ፣ አልኩ በልቤ። ሴትዮዋ ግን የሚጠብቁ አልሆኑም፤ ለቅሶውን ጀመሩት።

«ምነው ዘንካታው! ምነው መልከ መልካሙ! እናትህ የት ሆና ትስማህ! አንተ እጀ ሰፊው፣ ደሃ ሰብሳቢው!»

ዘንካታ አይደለሁም፤ ተጋድሜ ስለነበር በዚህስ አልፈርድባቸውም። ፊቴ ሣር ውስጥ ተቀብሮ ሳለ መልኬን እንዴት እንዳዩት ግን እስካሁን ይገርመኛል። እጀ ሰፊነቴንም ባለቤቴ አልሰማችም። እውነቱን ልንገራችሁ? ደስ አለኝ። አገሬው ሰው ለማመስገን እስኪዘረር ይጠብቃል፤ እኔ ሳልሞት አገኘሁት። ቀጥሎ ምን ይሉኝ ይሆን ብዬ ጆሮዬን ስጥል ጥንዚዛዋ ክንፏን ዘርግታ ብርር አለች። ምስጋናዬን ሳዳምጥ አመለጠችኝ።

ሰው ተሰበሰበ። አንድ ቄስ «እግዚኦ መሐረነ» ሲሉ ሰማሁ። ሴትዮዋም «የሰው ልጅ እንዲህ ፀሐይ ላይ አይሰጣም» ብለው የደረቡትን የሱፍ ባና ገፈው ከራስ እስከ እግሬ አለበሱኝ። ጨለመብኝ። ነገሩ ከእጄ መውጣቱ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ባናውን እንደለበስኩ ብድግ አልኩ።

ስህተት ነበር። ገበያተኛው ነጠላውንና ዘንቢሉን እየጣለ ተበተነ። ቄሱ መስቀላቸውን ደግነው ወደኋላ አፈገፈጉ። ከቦታቸው ንቅንቅ ያላሉት ሴትዮዋ ብቻ ናቸው። ባናቸው እኔ ላይ ነበራ!

«አንተ፣ ሰው ነህ ወይስ ሌላ?»

«ሰው ነኝ እማማ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጥንዚዛ እያነሳሁ ነው።»

«ጥንዚዛ ወድቃ ነው የምታነሳት?»

ቀደም ብዬ ያነሳኋትን አሳየኋቸው። የካሜራው መስኮት ላይ ጥንዚዛዋ ጥቋቁር ነጠብጣቧን ይዛ የቡና ሲኒ አክላ ተቀምጣለች። ቀረብ ብለው አዩ፤ ራቅ ብለው አዩ። «ቄስ ገብሬ፣ ይምጡማ! ቅንድብ ያላት አትመስልም?» ቄሱም መስቀላቸውን አስገብተው መጡ፤ ጎንበስ ብለው ቆዩና «ዕፁብ ነው፣ ዕፁብ» አሉ።

ሴትዮዋ እማማ አስካለ ይባላሉ። ባናቸውን አራግፈው ደረቡና ኮስተር አሉ። «ያን ሁሉ ያልኩህን ግን መልሼ ወስጃለሁ። ለሞተ ሰው ነው እንጂ ለሥራ ፈት አልነበረም።» ዘንካታነቴም፣ መልኬም፣ እጀ ሰፊነቴም እዚያው ሜዳ ላይ ተገፈፉ።

ጥቂት ከሄዱ በኋላ ተመለሱ። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል።

«ልጄ፣ ሰውም ታነሳለህ?»

«እንጀራዬ ነው፣ እማማ።»

«ጎረቤቴ ስታርፍ ለለቅሶው ፎቶ ጠፋና ከመታወቂያዋ ላይ ያለውን አሳድገው ሰቀሉት። እንዲያ ደግ የነበረች ሴት ድንኳኑ ውስጥ ስታፈጥብን ዋለች። እኔን እንዲያ እንዳያደርጉኝ፣ በቁሜ አንሳኝ።»

ማገጡ መሐል ሻሻቸውን አስተካክለው ቆሙ። «እንደ ጥንዚዛይቱ ፊቴን አታቅርበው ታዲያ!» አሉና በገዛ ነገራቸው ተንከትክተው ሳቁ። ያን ጊዜ አነሳኋቸው። የቀሩት ጥርሶቻቸው አንድም ሳይቀር ታይተዋል።

አሳየኋቸውና፣ «እማማ፣ ለለቅሶ የሚሆን ሌላ ኮስተር ያለ ልጨምር እንዴ?» አልኩ።

«ተወው፣ ይኸው ይሁን» አሉ ዘንቢላቸውን እያነሱ። «ለቅሶው የእናንተ ነው። እኔ ምን አግብቶኝ!»