ቢጫው መስመርና የእሑዱ ወይን ጠጅ

የሰው ልጅ ካወጣቸው ሕጎች ሁሉ እጅግ የሚደነቀው፣ እሑድ ቀን አንድ ጠርሙስ ወይን ጠጅ የትኛው እርምጃ ላይ ሲደርስ ኃጢአት እንደሚሆን ለክቶ ያስቀመጠው ሕግ ነው። ይህን የሚጠራጠር ካለ ሌስተር ሃውገን ወደሚኖርባት ከተማ ሄዶ ይይ። የከተማይቱን ስም አልጠራም፤ ሁለት ግዛት ውስጥ ስላለች ሁለት ጊዜ መጥራት ሊኖርብኝ ነው፤ ለዚያም ከሁለቱ ወገን ፈቃድ ሳያስፈልግ አይቀርም።

የከተማይቱ ዋና መንገድ መሐል ለመሐል ቢጫ መስመር ተቀብቶበታል። ከመስመሩ ወዲህ የምሥራቁ ግዛት፣ ከመስመሩ ወዲያ የምዕራቡ ግዛት ነው። የምሥራቁ ሕግ አውጪዎች ለሕዝባቸው ነፍስ እንቅልፍ አጥተው ካሰቡ በኋላ፣ እሑድ ወይን ጠጅ መሸጥንም ከሌላ ግዛት ማስገባትንም ከለከሉ። ቢራ ፈቅደዋል፤ ግን መሞቅ አለበት። የቀዘቀዘ እንደሆነ ሰውን ሊጥመው ይችላላ! የምዕራቡ ሕግ አውጪዎችም ለሕዝባቸው ነፍስ እኩል እንቅልፍ አጥተው፣ እሑድ ወይን ጠጅ ከእኩለ ቀን ጀምሮ እንዲሸጥ ወሰኑ። እስከ እኩለ ቀን ያለው ሰዓት የእግዚአብሔር ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የመደብሩ።

በዚህ ላይ ሰዓቱም አንድ አይደለም። ምሥራቁ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። ቢጫው መስመር ላይ እግሩን ከፍቶ የቆመ ሰው አንድ እግሩ ስድስት ሰዓት፣ ሌላው እግሩ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ሁለቱ እግሮቹ አብረው መራመዳቸው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ሌስተር ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በምዕራብ በኩል ባለው የበቆሎ ፋብሪካ ቧንቧ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። አንዲት ልጅ አለችው፣ ጃኔል። እናቷን ስታስታምም ሠርጓን ሁለት ጊዜ አራዝማ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሞላት። እናቷ ቨርዳ ካረፈች ሁለት ክረምት አልፏል። ልታርፍ ስትል ባሏን አስጠግታ፣ «ጃኔል ስታገባ፣ እኛ ሠርግ ላይ የጠጣነውን ዓይነት ቀይ ወይን ጠጅ ቅዳና ስሜን ጥራ» አለችው። «ንግግር አታድርግ፣ አትችልበትም። ስሜን ብቻ።»

ሌስተር ቃል ገባ። ሠርጉ ለእሑድ ተቆረጠ፤ ሙሽራው ኬንት ቅዳሜ ሥራ ስለማይለቀው ነው። ወይን ጠጁን ቅዳሜ እገዛለሁ ብሎ ሌስተር ቀኑን ሙሉ የቤተ ክርስቲያኑን ወንበሮች ሲያጸዳ ዋለና፣ የምሥራቁ መደብር የሚዘጋው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነውና፣ ለሁለት ሩብ ጉዳይ ሲል ደረሰ። በሩ ተቆልፏል። ሰዓቱን አየ፤ ልክ ነው። ችግሩ፣ ጡረታ ከወጣ በኋላም በእጁ ያለው ሰዓት የፋብሪካው ሰዓት፣ የምዕራቡ መሆኑ ነው። መደብሩ ከተዘጋ አርባ አምስት ደቂቃ ሆኖታል። መንገዱን ተሻግሮ ወደ ምዕራቡ መደብር ሮጠ፤ እሱን የሚያስተዳድረው መንግሥት ነውና ቅዳሜ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ማንንም አያውቅም።

እሑድ ጠዋት፣ ከአምልኮው በኋላ፣ ፓስተር ኤመት ቮስ ሙሽሮቹን አጋባቸው። ሠርገኛው ወደ ምድር ቤቱ አዳራሽ ወርዶ በአይብ የተጋገረ ድንቹንና በጭስ የበሰለውን የአሳማ ሥጋ ከበበ። ሌስተር ግን መንገዱን ተሻግሮ የምዕራቡ መደብር በር ላይ ቆመ። በእነሱ ሰዓት ስድስት ሲል በሩ ተከፈተ። ስድስት ጠርሙስ ገዝቶ፣ በካርቶን አቅፎ፣ እየሳቀ ቢጫው መስመር ጋ ሲደርስ የምሥራቁ ሕግ አስከባሪ፣ ምክትል ሸሪፍ ድዌይን ክሬብስ፣ እጁን አጣጥፎ ቆሟል።

«ጤና ይስጥልኝ አቶ ሃውገን። በካርቶኑ ውስጥ የያዙትን ቢገልጹልኝ?»

«ምነው ድዌይን፣ ባለፈው ሳምንት ዓሣ ስናጠምድ ሌስተር አልነበርኩም እንዴ?»

ድዌይን ባርኔጣውን አወለቀ። «ሌስተር፣ በናትህ አታስቸግረኝ። ባርኔጣ አድርጌ ነበር እኮ።» መልሶ ደፋው። «በካርቶኑ ውስጥ የያዙትን ቢገልጹልኝ?»

«ወይን ጠጅ ነው። እዚያ ጋ ገዛሁት፣ ደረሰኝ አለኝ፣ ሕጋዊ ነው።»

«እዚያ ጋ ሕጋዊ ነው። እዚህ ጋ ኮንትሮባንድ ነው።»

«መሐል ላይስ?»

«መሐል ላይ ቀለም ነው።»

«እንግዲያው ሠርገኛውን ጠርቼ እዚያ ማዶ ቆመን እንጠጣው።»

«መንገድ ላይ መጠጣት በሁለቱም ግዛት ያስቀጣል። ሁለቱ የተስማሙበት ነገር ቢኖር ይኸው ነው።»

ሌስተር ካርቶኑን ከአንዱ ክንዱ ወደ ሌላው አዛወረው። «ለቨርዳ ቃል ገብቼላታለሁ፣ ድዌይን።»

ድዌይን ባርኔጣውን አወለቀ። «አውቃለሁ። ሣጥኗን ከተሸከሙት አንዱ እኔ አይደለሁ?» ዓይኑን ጠረገና ባርኔጣውን ደፋ። «ሆኖም ሕጉ ስለ ሟች ባለቤቶች የሚለው ነገር የለም።»

ልጆቼ፣ እንዲህ ያለ የሥራ ሰው ስንት አገር ውስጥ ይገኛል? ልቡን በባርኔጣው ከድኖ የሚጠብቅ!

በዚህ መሐል ጃኔል የቀሚሷን ዘርፍ ሰብስባ ከቤተ ክርስቲያኑ መጣች፤ ኬንትም ከኋላዋ።

«አባዬ፣ ድንቹ ቀዘቀዘ! ምን ትሠራለህ እዚህ?»

«ኮንትሮባንድ።»

ኬንት ግን ቢጫውን መስመር ትክ ብሎ ያይ ጀመር። «ይሄን ማን ቀባው?»

«መንገድ ሥራ» አለ ድዌይን።

«ለምን እዚህ ላይ?»

«ቀለም የሚቀባው መንገዱ መሐል ስለሆነ ነዋ።»

ኬንት መሬት ቀያሽ ነው። የመለኪያ መሣሪያውና ባለ ሦስት እግር መቆሚያው፣ ባዶ ጣሳዎች በተንጠለጠሉበት የሠርግ መኪናው ላይ እንደተጫኑ ናቸው። ድንበሩ የተተከለው በድንጋይ እንጂ በቀለም አለመሆኑን ተናገረና፣ በሙሽራ ልብሱ ከድልድዩ አጠገብ ካለው የድንበር ድንጋይ ተነሥቶ መለካት ጀመረ። ሠርገኛው ሰሐኑን እንደያዘ ወጥቶ ተከተለው። አሥር እርምጃ በተራመደ ቁጥር ያጨበጭቡለታል። በመጨረሻ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከመቃብሩ አጥር ሥር፣ ቁጥቋጦ የዋጠው ሁለተኛው ድንጋይ ተገኘ። ድንበሩ እዚያ ነው። መንገዱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ አዳራሹና ድንቹ ሁሉ ምዕራብ ናቸው!

ምክትል ሸሪፉ ሕግ አክባሪ ነውና ወዲያው ቃለ ጉባኤ ጻፈ፦ «በተደረገው ጥልቅና ሁሉን አቀፍ ማጣራት መሠረት፣ ወይን ጠጁ ቀድሞውኑ ወደሚገኝበት ግዛት መግባት ስለማይችል አልገባም።» ፈረመበት። ከዚያ ሠርገኛው ወደ አዳራሹ ሲመለስ ድዌይን በሰው ግዛት ሥልጣን እንደሌለው ትዝ አለውና ባርኔጣውን አውልቆ፣ እንደ ማንኛውም ተራ ሰው፣ አንድ ብርጭቆ ተቀበለ። ጨለጠው።

ሌስተር የራሱን ብርጭቆ ሞልቶ ሊነሣ ሲል ፓስተሩ አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«አንዴ ቆዩማ። ይሄ የጋብቻ ፈቃድ የምሥራቁ ግዛት ነው።»

«እና?»

«‹በግዛቱ ውስጥ ለሚፈጸም ጋብቻ ብቻ› ይላል። እኔ ደግሞ ያጋባኋቸው፣ አሁን እንደሰማሁት፣ ምዕራብ ነው።»

በአዳራሹ ጠረጴዛው ላይ ከሚርገበገበው አረንጓዴ ጄሊ በቀር የሚንቀሳቀስ አልነበረም።

«ድዌይን» አለች የምክትል ሸሪፉ ሚስት ሎሬታ፣ «እኛ የት ነበር የተጋባነው?»

«እ… እዚሁ ላይ ቤት። ከመስቀሉ ሥር።»

«በየትኛው ግዛት ፈቃድ?»

ድዌይን ባዶ ብርጭቆውን እንደገና ጨለጠ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት!» አለች። «ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ካልሲ ሳጥብ ነው የኖርኩት?»

ከዚያ ወዲያ ማን ማንን ይሰማል! በዚያ ቤተ ክርስቲያን ያልተጋባ ባልና ሚስት በከተማይቱ የለም። ድዌይን ባርኔጣውን አንሥቶ፣ ልኬቱ እንደገና ይታይ፣ ቢጫው መስመር ወደ ክብሩ ይመለስ አለ።

«ቢጫው ከተመለሰ ወይን ጠጁ ኮንትሮባንድ ነው» አለ ኬንት። «አንድ ብርጭቆውም ሆድዎ ውስጥ ነው፣ ጌታው።»

ወይ ጋብቻው፣ ወይ ወይን ጠጁ። የቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ እዚያው ድንቹ አጠገብ አስቸኳይ ስብሰባ ተቀመጠና ዘመን የማይሽረውን ውሳኔ አስተላለፈ፦ «ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ድንበሩ ቢጫው መስመር ይሆናል። እሑድ ግን ድንጋዩ።» በዚህም በከተማይቱ የተለመደው የቅዳሜ ጋብቻ ሁሉ ጸና፤ የእሑዱም ወይን ጠጅ ንጹሕ ሆነ። ሁለት ባሎች እጃቸውን ለማውጣት ጥቂት ቢዘገዩም፣ በሚስቶቻቸው ክርን ተረድተው ውሳኔው በሙሉ ድምፅ አለፈ። ጭብጨባው ጣራውን ሊያነሣው ደረሰ።

ጭብጨባው ሲበርድ ጃኔል፣ «ዛሬ እሑድ ነው» አለች።

«እኔና ቨርዳም የተጋባነው እሑድ ነበር» አለ ሌስተር። «ፋብሪካው ቅዳሜ አይለቀኝም ነበር።»

ሁሉም ወደ ድንቹ አቀረቀሩ። የከተማው ትዳር ሁሉ ሲድን ሁለት ትዳር ቀረ፤ የሙሽሮቹና የሌስተር። ለሙሽሮቹ መላ አይጠፋም። የሌስተር ግን፣ እንደገና «እሺ» የምትለዋ ከአጥሩ ወዲያ ተኝታለች።

ሌስተር ብርጭቆውን እያየ ፈገግ አለ፤ ዓይኑን ግን እንባ ሞልቶት ነበር። «አርባ አንድ ዓመት» አለ ቀስ ብሎ። «ለካ የያዛት ነገር አልነበረም። በፈለገች ቀን ሻንጣዋን አንሥታ መሄድ ትችል ነበር። እኔን ብላ ነው እንግዲህ የተቀመጠችው።»

ጃኔል እጁን ያዘችው። ወጡ። ሙሽሮቹ ድንጋዩን አልፈው፣ ከአጥሩ ሥር ካለው ከቨርዳ መቃብር አጠገብ፣ ፈቃዳቸው በሚሠራበት አፈር ላይ ቆሙ። ፓስተሩ ጠዋት ያለውን ሁሉ ደገመው። ሌስተር ከነብርጭቆው ከድንጋዩ ወዲህ ቀረ፤ አንድ እርምጃ ቢጨምር ወንጀል ነው። ድዌይን ከመቃብሩ በኩል ቆሞ ይጠብቃል።

«ባልና ሚስት ናችሁ» አለ ፓስተሩ።

ሌስተር ክንዱን ከድንጋዩ በላይ ዘረጋ። «ቨርዳ» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ብርጭቆውንም ደፋው፤ ቀዩ ወይን ጠጅ በመቃብሯ ጥግ ሣሩ ላይ ፈሰሰ።

በዚያን ቀን የተፈጸመው የመጀመሪያው እውነተኛ ወንጀል ይኸው ነው፤ ስልሳ ሰው እያየ። ሁሉም ዞሮ ድዌይንን አየው። እሱም የቆመበት አፈር የገዛ ግዛቱ ነውና ባርኔጣውን ደፍቶ ደብተሩን አወጣ።

«ድዌይን!» አለች ሎሬታ። «ሞክራትና ታያለህ!»

«አቶ ሃውገን፣ እሑድ ቀን ወይን ጠጅ ወደ ግዛቱ አስገብተዋል።»

«አስገብቻለሁ።»

«ለማን?»

«ለቨርዳ።»

«ቅጹ የተቀባይን ዝምድና ይጠይቃል።»

ሌስተር ከአንድ ሰዓት በፊት ቢሆን መልሱን ያውቀው ነበር። ድዌይን ባርኔጣውን በአንድ እጁ አወለቀና፣ ሌላ ጥያቄ ሳይጠይቅ፣ ራሱ ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ገንጥሎ ሰጠው።

«ተቀባይ፦ ቨርዳ ሃውገን። ዝምድና፦ ባለቤት» ይላል፤ ከግርጌው የግዛቱ ማኅተም አለበት።

ሁለቱ ግዛቶች ነገሩን የሚያጣራ የጋራ ኮሚቴ አቋቁመዋል፤ እስካሁን አሥራ አራት ጊዜ ተሰብስቦ፣ ስብሰባው በየትኛው ሰዓት እንደሚጀመር እየተወያየ ነው። ሌስተር ግን ሰኞ ጠዋት መቀጫውን እያፏጨ ከፍሎ ወጣ፤ ወረቀቱንም በመስታወት አስገብቶ የድሮው የጋብቻ ምስክር ወረቀት ይሰቀልበት የነበረው ምስማር ላይ ሰቀለው። አርባ አንድ ዓመት አብረው ኖረው ያላሳመኑትን መንግሥት፣ አንድ ብርጭቆ የእሑድ ወይን ጠጅ አሳመነው።