የሞጣን በረኛ ያሳሳተችው ወፍ

ሰው ሲደክመው ትልልቁን ነገር ማየት ይተውና ትንንሹን ማየት ይጀምራል። ያልደከመው ተራራውን ያያል፤ የደከመው ጫማውን። እኔ በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት ከሐረር ተመድቤ ቢቸና ላይ ሳይንስ ሳስተምር፣ አራተኛው ዓመት ላይ ጫማቸውን ከሚያዩት ወገን ነበርሁ። እንዲያም ሆኖ አንድ ቀን መሬት ላይ ያሉ የወፍ እንቁላሎችን ልረግጥ ምንም አልቀረኝም።

አንድ የሚያዝያ ጠዋት የትምህርት ቤቱን ኳስ ሜዳ ሳቋርጥ፣ እግረ ረጅም፣ ራሷ ጥቁር፣ ደረቷ ነቁጣ ነቁጣ የሆነ ወፍ ፊቴ ወደቀች። አንድ ክንፏን እየጎተተች ትጮሃለች። አዘንሁላት። ልይዛት ስከተላት ራቅ ትላለች፤ ስቆም ቆማ ትጠብቀኛለች። አጥሩ ዘንድ ስንደርስ ብር ብላ ሄደች።

«መምህር፣ እሷ ደኅና ናት» አሉኝ ዘበኛው አቶ ውቤ፣ ከበሩ ጥግ ሆነው። «ቅድም ከቆሙበት አጠገብ እንቁላል አለ። ከዚያ ልታርቅዎ ነው።»

ተመልሰን አየን። ጎጆ የሚባል የለም፤ መሬቱ ተጭሮ ጎድጎድ ብሏል፣ ውስጡ የአፈር መልክ ያላቸው አራት እንቁላሎች። እኔ ስለ ወፍ ሳስተምር ሰሌዳው ላይ ሁልጊዜ ዛፍ ነበር የምስለው። አቶ ውቤ ዙሪያውን ድንጋይ ደረደሩ። እኔም ክፍል በሌለኝ ሰዓት እየሄድሁ መቀመጥ ጀመርሁ። እናትና አባት ይፈራረቃሉ። ላም ስትመጣ ወፏ አትሸሽም፤ ክንፏን ዘርግታ ትጋፈጣታለች። ውሻ ሲመጣ ግን ክንፏ «ይሰበራል»። ለሁሉም እንደ ጠባዩ።

ችግሩ የመጣው ከሞጣ ነው። የሞጣ ተማሪዎች ቅዳሜ ለግጥሚያ ይመጣሉ ተባለ፤ ዳይሬክተሩም ድንጋዩ ተነሥቶ ሜዳው ይደልደል አሉ። አቶ ውቤ፣ ስምንት ልጅ ያላቸው፣ ከዘበኝነት ሌላ እንጀራ የሌላቸው ሰው፣ እምቢ አሉ።

«ለአንድ ወፍ ብዬ ሞጣን ልመልስ?» አሉ ዳይሬክተሩ።

«ጌታዬ፣ ቀድማ የሰፈረች እሷ ናት። በዚህ አገር ርስቱ ላይ የተቀመጠን ያለ ሽማግሌ ማን ይነቅላል? እኔን ያሰናብቱኝና ሌላ ሰው ያንሣው።»

ዳይሬክተሩ ወደ እኔ ዞሩ። የሳይንሱ መምህር ነኝና አንድ ቃል ይጠበቅብኝ ነበር። ዝም አልሁ። ጨዋነት ልትሉት ትችላላችሁ፤ ድካም ነበር። ደግነቱ ዳይሬክተሩ የጎጃም ሰው ናቸው፤ አባታቸው በርስት ክርክር ነው ያረጁት። «በሉ፣ የዚያን በኩል ግብ ወደ ውስጥ አምጡት» ብለው ሄዱ። ሜዳው አጠረ፤ ወፏ ከግቡ ጀርባ ቀረች።

ቅዳሜ ሞጣዎች በጭነት መኪና መጡ። ከእረፍት በኋላ ያን ግብ የያዘው የእነሱ በረኛ ነበር። ከጀርባው የወጣች ኳስ ሊያመጣ ወደ ድንጋዮቹ ቢጠጋ፣ ወፏ እግሩ ሥር ወደቀች። ኳሷን ወደ ሜዳው መትቶ ሰደዳት፤ ዓይኑ ግን ወፏ ላይ ቀረ። ሩኅሩኅ ልጅ ነበር መሰለኝ። ሊያነሣት ጎንበስ ብሎ ሲከተላት፣ የእኛዎቹ ኳሷን ነጥቀው ባዶው ግብ ውስጥ አስገቧት።

«አሥራ ሁለተኛ ተጫዋች አሰልፋችኋል» አሉ የሞጣው መምህር።

ድንጋዩ ይነሣ ያሉት ዳይሬክተራችን ደረታቸውን ነፍተው «ወፏን ጠብቀን ያቆየናት እኛ ነን» ሲሉ ሰማሁ። በሕግ ዓይን ይህ መልስ ክሱን ማመን ነውና ይብስባቸው ነበር፤ ማንም ልብ አላለውም።

ማክሰኞ ጫጩቶቹ ተፈለፈሉ። ረቡዕ ጠዋት ስመጣ ጉድጓዱ ባዶ ነው፤ አቶ ውቤ ድንጋዮቹን ይለቅማሉ።

«የት ሄዱ?»

«በእግራቸው፣ ወደ ረግረጉ። እናትየዋ ከፊት፣ አባትየው ከኋላ።»

ከዚያ የግቡን ምሰሶ ነቅለው አጋደሙና አንዱን ጫፍ ያዙ፤ ወደ ቀድሞ ቦታው ሊመልሱት ነው። ሌላውን ጫፍ ያዝሁ።

«አቶ ውቤ፣ ያን ዕለት አንድ ቃል መናገር ነበረብኝ» አልሁ።

«ጠበቅ አድርገው ይያዙ፣ መምህር» አሉኝ። «እርጥብ ባሕር ዛፍ ነው፤ ይከብዳል።»